የመስኮት 6 ሠራተኛ እና «የአመለካከት ችግር»

ሰሞኑን «ችግራችን የአመለካከት ነው» የሚል ጽሑፍ አራት ሰው ላከልኝ። አንዷ እህቴ ናት፤ «ይኼ ላንተ የተጻፈ ነው» ብላ ነው የላከችው። ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው አሠልጣኝ መሆናቸውን ነግረውናል፣ ብዕራቸውም አይጎረብጥም። ግን ከሚሉት ብዙው ልክ አይደለም። ያውም በየስብሰባው ሲነገረን የኖረ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ላላነበበው ባጭሩ ልንገረው። ጽሑፉ የሚጀምረው መስኮት 6 ላይ ከተቀመጠች ሠራተኛ ነው። ባለጉዳይ ታመናጭቃለች፣ ቀና ብላ አታይም፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ትላለች። ለምን? አመለካከቷ ስላልተለወጠ፣ ይላሉ ጸሐፊው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። መጀመሪያ አመለካከት ይለወጣል፣ ከዚያ ተግባር ይከተላል። የሰውን አመለካከት ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለውጡ እንዲሠርጽ ጠቀም ያለ ማበረታቻ ያስፈልጋል። ስለየብሔሩ የሚባለው ነገርም እሳት በሌለበት ጭስ ስለማይኖር እውነት አለበት፣ የሚያሞግሰው ደግሞ ማንንም አይጎዳም። የተቀረውን ቅራኔ ቁጭ ብሎ መወያየት ይፈታዋል። ማስረጃቸው ከሠለጠኑት ውስጥ አብዛኞቹ «አመለካከቴ ተለውጧል» ብለው መሙላታቸው ነው።

በየተራ እንየው። የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

«አመለካከት ሲለወጥ ተግባር ይለወጣል።»

ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ሄዶ ያየው ሰው አለ። ሪቻርድ ላፒየር የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂስት ከ1930 ጀምሮ ከአንድ ወጣት ቻይናዊና ከሚስቱ ጋር አሜሪካን በመኪና ዞረ። ያኔ እዚያ አገር ቻይናዊ መሆን ቀላል አልነበረም። ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክለው የ1882 ሕግ ገና አልተሻረም። ሦስቱ ሰዎች 251 ማረፊያና ምግብ ቤት ገቡ። የመለሳቸው አንድ ብቻ ነው። ላፒየር ስድስት ወር ቆይቶ ለነዚያው ቤቶች ደብዳቤ ጻፈ፦ ቻይናዊ እንግዳ ትቀበላላችሁ? 128 ቤቶች መለሱ። ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት «አንቀበልም» አሉ። አብልተው፣ አስተኝተው፣ ሒሳብ ተቀብለው የሸኙ ቤቶች ናቸው እንግዲህ።

ጥናቱ ቀዳዳ አለው። ደብዳቤውን የመለሰው ባለቤቱ፣ በር ላይ የነበረው ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ የጠየቀው ስለ ቻይናዊ በጅምላ ነው፤ በር ላይ የመጡት ግን ደህና የለበሱ፣ ፈገግ የሚሉ፣ እንግሊዝኛቸው የማይደናቀፍ ባልና ሚስት፣ ያውም ከነጭ ፕሮፌሰር ጋር። እሺ። ለኔ ግን ዋናው ቁም ነገር እዚሁ ቀዳዳ ውስጥ ነው ያለው። በጅምላ የያዝከው አመለካከት ፊትህ ስለቆመው ሰው ብዙም አይናገርም።

ይኼን በቁጥር ያሳዩት ዴቪድሰንና ጃካርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ 1979። ሴቶችን ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ጠየቁና ሁለት ዓመት ቆይተው ማን የሚዋጥ እንክብል እንደወሰደ አዩ። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ በአጠቃላይ ያላቸው አመለካከት ከድርጊታቸው ጋር የነበረው ዝምድና 0.08 ነው። ዜሮ ማለት ጭራሽ አይገናኙም፣ አንድ ማለት ፍጹም ይገጣጠማሉ ነው፤ ስለዚህ 0.08 የለም ቢባል ይቀላል። ጥያቄው «በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት እንክብሉን ስለመውሰድ ምን ታስቢያለሽ?» ሲሆን ግን ዝምድናው 0.57 ደረሰ። አያችሁ፣ አመለካከት ዋጋ የለውም አላልኩም። ስለዚያው ድርጊት፣ በዚያው ጊዜ ከሆነ ዋጋ አለው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ሐሳብ አዳራሽ ውስጥ ተክለህ ሰኞ ረፋድ ላይ 60ኛዋን ባለጉዳይ በትሕትና ታስተናግዳለች ብለህ መጠበቅ የ0.08 ተስፋ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ነገሩ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። የአክስቴ ልጅ ሚኒባስ ይነዳል። ጋቢና የተቀመጠውን ሰው «ቀበቶዋን ጣል አድርጋት፣ ትራፊክ አለ» ይል ነበር። እሰራት እንኳን አይደለም፣ ጣል። እሱም ለራሱ ጣል ነው የሚያደርጋት፣ እስኪያልፉ። ቅጣቱ ሲበዛበት ማሰር ጀመረ። ዛሬ የኔን መኪና ከግቢ አውጣልኝ ብለው ሃያ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ቀበቶ ያስራል። ስቄ ምን ሆነህ ነው አልኩት። «እኔ ድሮም ለሕይወቴ ጠንቃቃ ነኝ» አለኝ። ድሮም! ማንም አላሠለጠነውም። እጁ ለመደ፣ አመለካከቱ ከኋላ ደረሰበት።

አሁን ወደ መስኮት 6 ልመለስ። ጸሐፊው ልጅቷ ስታመናጭቅ አይተው በአንድ ጊዜ ወደ ውስጧ ገቡ። ይኼም የታወቀ ስሕተት ነው። ጆንስና ሃሪስ 1967 ላይ ካስትሮን የሚደግፍና የሚቃወም ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጥተው ጸሐፊው በልቡ ምን ያስባል ብለው ጠየቁ። ለአንዳንዶቹ ጸሐፊው ምርጫ እንዳልነበረው፣ ደግፍ ተብሎ ታዞ እንደጻፈ በግልጽ ተነግሯቸዋል። እንደዚያም ሆኖ «ይኼማ የካስትሮ ደጋፊ ሳይሆን አይቀርም» ወደሚለው አዘነበሉ። ትእዛዙን እያወቁ ሰውየውን ነው ያዩት። እኛም ሲስተሙ እንደማይሠራ እያወቅን የምናየው ልጅቷን ነው።

እኔ የማውቃት መስኮት 6 አለች፣ በየዓመቱ ለእድሳት የምሄድበት ቤት። እጅ በምታህል ቀዳዳ ስድስት እጅ ወረቀት ይዞ ይገባል። ከኋላ ይገፋል። «እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት» የሚል ሦስት ሰው አለ፣ ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አታይም፤ ቀና ካለች አንዱን መምረጥ አለባት። ከዓመት በኋላ ስሄድ ወረፋ ቁጥር የምትተፋ ማሽን ተተክላለች፣ ወንበር ተደርድሯል። ያቺው ሴት ናት። «እንደምን አደርክ» አለችኝ። ግራና ቀኝ አየሁ፣ ለኔ መሆኑን ለማረጋገጥ። አንድ መስኮት ጥናት አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን የጸሐፊውም አንድ መስኮት ነው።

«አመለካከትህን ከራስህ በላይ የሚያውቅልህ የለም።»

የአክስቴ ልጅ «ድሮም ጠንቃቃ ነኝ» ሲል እየዋሸኝ አልነበረም። ዳሪል ቤም የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ከ1967 ጀምሮ የጻፈው ይኼንን ነው። የውስጣችን ስሜት ደብዘዝ ሲል ራሳችንን የምናውቀው እንደ ጎረቤት ከውጭ ታዝበን ነው ይላል። ምን አደረግኩ? ማን አስገደደኝ? ማንም። እንግዲያው ወድጄው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይኼ አዲስ አይደለም። ሁለት እንጀራ ጥርግ አድርገን ከጨረስን በኋላ «ለካስ ርቦኝ ኖሯል» እንላለን። የገዛ ሆዳችንን! «ኖሯል» የምንለው ያላየነውን ነገር ከምልክቱ ስንደርስበት ነው፤ በር ከፍተን መሬቱ እርጥብ ከሆነ «ዘንቦ ኖሯል» እንላለን። ለራሳችንም ያው ነው፣ ከምልክቱ ነው የምንደርስበት።

የመርካቶ ጫማ ሻጭ ደግሞ ከፕሮፌሰሩ በፊት ያውቀዋል። «ግዛ» አይልህም። «ለካው ብቻ፣ መለካት በነፃ ነው» ነው የሚልህ። አንዴ ተቀምጠህ ካልሲህ ከታየ ጫማ የሚፈልግ ሰው ሆነሃል። በ«ለካው» ጀምሮ «ለካስ» ላይ ያደርስሃል። ፍሪድማንና ፍሬዘር 1966 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይኼንኑ አደረጉ። ሰዎችን ግቢያችሁ ውስጥ «በጥንቃቄ አሽከርክሩ» የሚል ትልቅ፣ አስቀያሚ ሰሌዳ እንትከል ሲሏቸው እሺ ያለው ከመቶ 17 ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ጥንቃቄ አሽከርካሪነት የምትናገር ትንሽ ወረቀት እንዲለጥፉ ተጠይቀው ከነበሩት ግን ከመቶ 76 እሺ አለ። ትንሿን ወረቀት የለጠፉ ቀን ነው ሰሌዳው የተተከለው።

ቤም ራሱ 2011 ላይ ሰዎች ያልመጣውን ነገር ቀድመው ይሰማቸዋል የሚል ጥናት አሳትሞ የሙያ ጓደኞቹን ጉድ አሰኝቷል። ሌሎች ሲደግሙት አልተገኘም። እሱን አልከላከልለትም። የድሮው ሐሳቡ ግን በሌሎች ተፈትሾ ልኩ ታውቋል፦ ፋዚዮና ባልደረቦቹ በ1977 እንዳሳዩት፣ ያደረግከው ነገር ከምታምነው ብዙ ካልራቀ የቤም ታዛቢ ይሠራል፤ በጣም ከራቀ ግን ውስጥህ ይረበሻል፣ ያንን ለማስታገስ ስትል ሐሳብህን ታስተካክላለህ። ቀጣዩ ነጥብ ስለዚህ ነው።

«ጠቀም ያለ ማበረታቻ ለውጡን ያሠርጻል።»

አበል ማለታቸው ነው። ፌስቲንገርና ካርልስሚዝ 1959 ላይ ያሳተሙት እነሆ። ተማሪ ይገባል። አሥራ ሁለት የክር ማጠንጠኛ ሳህን ላይ ይደረድራል፣ ያወርዳል፣ እንደገና ይደረድራል። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ 48 የእንጨት ችንካሮችን አንድ በአንድ ሩብ ዙር ያዞራል። ሌላ ግማሽ ሰዓት። ሲያልቅ ውጭ ለምትጠብቀው ልጅ «ደስ የሚል ሥራ ነው» በላት ይባላል። ለዚህ ውሸት ግማሾቹ 1 ዶላር፣ ግማሾቹ 20 ዶላር ይከፈላቸዋል። 20 ዶላር ያኔ ደህና ገንዘብ ነው። በኋላ «እውነቱን ንገረን፣ ሥራው ያስደስታል?» ሲባሉ ከ-5 እስከ +5 ባለው መለኪያ 20 ዶላር የወሰዱት ከዜሮ ትንሽ ዝቅ አሉ። 1 ዶላር የወሰዱት 1.35 ሰጡት። 20 የወሰደው ለምን እንደዋሸ ያውቃል፣ ኪሱ ውስጥ ነው። 1 የወሰደው ምን ይበል? ያን ያህልም አይሰለችም ነበር ይላል።

ለጸሐፊው ሚዛን ልጠብቅ። በ2024 የታተመ 39 ቤተ ሙከራዎችና ወደ 4,900 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከዚሁ ሐሳብ አንዱን ክር ፈትሾታል፣ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ምርጫ ነፃነት። የማያምኑበትን ነገር ደግፈው እንዲጽፉ ሲደረግ፣ ምርጫ አለህ የተባለውና ያልተባለው ልዩነት አላሳዩም። መጽሐፍ ላይ ያለው ማብራሪያ እንግዲህ ተነቃንቋል። ሁለቱም ግን ስለ ሌላ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ጻፉት ነገር ተጠግተው ተገኝተዋል። እጅ ቀድሞ ልብ መከተሉ አሁንም አለ ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ይከራከሩ። አበል ግን አመለካከት አይገዛም፣ ፊርማ ነው የሚገዛው።

«እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም፤ የሚያሞግሰው ደግሞ አይጎዳም።»

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት «ጉራጌ ነጋዴ ነው» የሚለውን ነው። ምን ይጎዳል፣ ሙገሳ አይደል ወይ ብለው።

አብሮ አደጌ ጉራጌ ነው። ግጥም ይወዳል፣ ሒሳብ አይወድም። ሥራ ሲያጣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። አከፋፋዩ «አንተማ ታውቅበታለህ» እያለ መሸጥ ከሚችለው በላይ ዕቃ በዱቤ ጫነበት። እሱም አላውቅበትም ማለት አፈረ። በአሥራ አንድ ወሩ ዘጋ። ሌላ ሰው ሲከስር «አይዞህ» ይባላል። እሱን ያገኘው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ጉራጌ ሆነህ?» እየሳቁ ነው የሚሉት። እሱም ይስቃል። ሙገሳው አይጎዳም የሚሉኝ ይኼን ሳቅ አላዩትም።

ጭሱ ከየት መጣ ለሚለው ግን መልስ አለኝ። ሆፍማንና ኸርስት 1990 ላይ ስለ ሁለት የፈጠራ ሕዝቦች ለተማሪዎች አስነበቡ፣ ሩቅ ፕላኔት ላይ የሚኖሩ። የአንደኛው ሕዝብ አብዛኛው ሰው ከተማ ውስጥ ይሠራል፣ የሁለተኛው አብዛኛው ልጅ ያሳድጋል። የየግለሰቡ ጠባይ ግን ተሰልቶ እኩል ተደርጓል፤ ሁለቱ ሕዝቦች በጠባይ አይለያዩም። ተማሪዎቹ ግን ከተሜዎቹ ቆፍጣና፣ ልጅ አሳዳጊዎቹ ሩኅሩኅ ናቸው አሉ። ለምን ሥራው እንዲህ እንደተከፋፈለ አስረዱ ሲባሉ ደግሞ ይብስ አሉ። እሳት የለም እኮ። የሥራ ክፍፍል ብቻ ነው ያለው፣ ጭሱን ያጨሱት ተመልካቾቹ ናቸው።

መርካቶን በዚህ ዓይን እዩት። አንድ ልጅ ከገጠር ሲመጣ አጎቱ ዘንድ ያርፋል። አጎቱ በሊስትሮ ወይም በሱቅ በደረቴ ያስጀምረዋል፣ እቁብ ያስገባዋል፣ እቁቡ ሲደርሰው ቦታ ይይዛል፣ እሱ ደግሞ ቀጣዩን ልጅ ይቀበላል። እንዲህ በር የሚከፍት ዘመድ ቢኖረው ማንም ይነግዳል። ከውጭ የሚያየው ግን በሩን አያይም፣ «ደማቸው ነው» ይላል። መስኮት 6 ላይ «አመለካከቷ ነው» እንደተባለው። ሁለቱ አንድ ዓይነት አስተያየት ናቸው፤ አንዱ በግለሰብ፣ አንዱ በሕዝብ ላይ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ብጽፈው ኖሮ «ስለ ወገንህ የሚባለው መጥፎ ነገር ፈተና ላይ ትዝ ሲልህ ውጤትህ ይወርዳል» የሚለውን ዝነኛ የ1995 ጥናት እጠቅስ ነበር። አሁን ተውኩት። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ላይ በሴቶችና በሒሳብ ፈተና ሞክረውት፣ በ2018 የታተመው ውጤት ባዶ ነው። ለክርክሬ ስለሚመች ብቻ ልጠቅሰው አልፈልግም፤ የአብሮ አደጌ ዱቤ ይበቃኛል።

«መወያየት ይፈታዋል።»

አንዳንዴ አዎ። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንደጻፈው ግን መገናኘት ብቻውን አይበቃም። እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ትብብር፣ ከላይ ያለው አካል ድጋፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ከ500 በላይ ጥናቶች ተደምረው ታይተዋል፤ መገናኘት በጠቅላላው ጥላቻን ይቀንሳል፣ እነዚህ ሲሟሉ ደግሞ ይበልጥ። ጸሐፊው የሚሉት ውይይት ግን መድረክ ላይ ማይክ ይዞ ብሶት ማውጣት ነው፣ ስለዚህ ቅርባችን ወደሆነው ልሂድ።

ኤልዛቤት ሌቪ ፓለክ ሩዋንዳ ውስጥ አንድ ዓመት የፈጀ ሙከራ አድርጋለች፣ 2009 ላይ ታተመ። የተወሰኑ መንደሮች ስለ ሁለት የተጣሉ ማኅበረሰቦች የሚተርክ የሬዲዮ ድራማ፣ ሌሎቹ ስለ ጤና የሚተርክ ሌላ ድራማ በቡድን ሆነው ሰሙ። የእርቁን ድራማ የሰሙት በልባቸው የሚያምኑት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው «እዚህ አካባቢ ሰው ምን ያደርጋል፣ ምን ይገባዋል» የሚለው ግምታቸው ነው። ተግባራቸውም አብሮ ሄደ። በመጨረሻ ለየቡድኑ አንድ ቴፕ ከነካሴቶቹና ከባትሪ ድንጋዩ ለጋራ ተሰጠ። ጤናውን የሰሙት ጋ አንድ ሰው የመንደሩ ኃላፊ ይያዘው አለ፣ ሁሉም እሺ ብለው አለቀ። እርቁን የሰሙት ጋ ግን አንዱ ይነሳና «ለምን? በጋራ አንይዘውም?» ይላል፣ ክርክር ይነሳል፣ በጋራ ይይዙታል። አመለካከቱ ባለበት ቆሞ ሰው መናገር ጀመረ።

ምሥራቅ ኮንጎ ላይ ደግሞ ከድራማው ቀጥሎ ሰዎች እንዲወያዩ የሚገፋፋ የንግግር ፕሮግራም ተጨመረ። ያው ፓለክ 2010 ላይ እንዳሳተመችው አድማጮች ብዙ ተወያዩ። ብሶትም በዛ። የማይወዱትን ወገን ለመርዳት ያላቸው ፈቃድ ግን ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው ያነሰ ሆነ። እንወያይ የሚል ሰው ይኼን ካላወቀ ያስፈራኛል።

«ከሠለጠኑት አብዛኞቹ አመለካከታችን ተለውጧል ብለዋል።»

ይኼ ማስረጃ አይደለም። የላፒየር ደብዳቤ ነው፣ ተገልብጦ። እኔም አንዴ አዳማ ላይ ሦስት ቀን ሠልጥኛለሁ፣ ስለ አመለካከት። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ይዞር ነበር፣ አንዱ የግምገማ ቅጽ፣ አንዱ የአበል መፈረሚያ። እስክሪብቶው አንድ ነው፣ ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይቁነጠነጣል። «ሥልጠናው አመለካከትዎን ምን ያህል ለውጦታል?» ይላል ቅጹ። «እጅግ በጣም» የሚለው ላይ ራይት አደረግኩ፣ ፈረምኩ፣ እስክሪብቶውን አቀበልኩት።